የትርንጎ አግዳሚ

ተረት ተረት ብዬ አልጀምርላችሁም፤ እናንተም «የመሠረት» ብላችሁ መመለሱን ትታችሁታል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡና ስሙ። የባንዱ የሙዚቃ መሣሪያ የሚታደለው ነገ ነው፤ ይህ ወሬ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚወራው በዕደላው ዋዜማ ነው።

በዚያ ዘመን፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ገና የእርሻ ኮሌጅ ሳለ፣ ከአዳራሹ ጀርባ የላሞች በረት ሳለ፣ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር ሲቆረጥ፣ ትርንጎ የምትባል ተማሪ ነበረች። የምታጠናው የእንስሳት እርባታ ነው። አጭር ነበረች፣ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፣ ክፍል ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው ስም ሲጠራ ነበር ይባላል። እኔ አላየኋትም። የነገረኝ ሰው ግን አይቷታል፤ ማን እንደሆነ ኋላ ትሰማላችሁ።

ኮሌጁ የማርሽ ባንድ ነበረው። ያቋቋሙት መምህር ባዩልኝ የሚባሉ ሰው ናቸው። ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ጫማቸው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል፤ ሲቆጡ ድምፃቸውን አያነሱም፣ ይባስ ብለው ዝቅ ያደርጉታል። አንድ ሕግ ነበራቸው። ሕዝብ ፊት ዜማ የሳተ ተማሪ ባንዱ በተሰበሰበበት ቆሞ መሣሪያውን ያስረክባል። ይቅርታ የለም፣ ሌላ ዕድል የለም። ብዙ ልጆች እንዲህ ተሰናብተዋል። አንዱ ትራምፔቱን አስረክቦ ሲወጣ የመንፊያው ክብ ምልክት ከንፈሩ ላይ ገና አልጠፋም ነበር ይላሉ።

መጀመሪያ የመጣባት የዕደላው ቀን ነው። ተማሪው ተሰለፈ። ትራምፔቱ ተወሰደ፣ ክላርኔቱ ተወሰደ፣ ፍሉቱ ተወሰደ፣ ከበሮውም ተወሰደ። ትርንጎ የፈለገችው ትራምፔት ነበር። የቸኮለውን ሁሉ «እለፍ» እያለች ስታሳልፍ፣ ተራዋ ሲደርስ የቀረው ቱባ የሚባለው ትልቁ ጥሩምባ ብቻ ሆነ። ሆዱ የተጨረማመተ ነው፣ እቅፍ አይበቃውም፣ ለምኖ የሚወስደው ሰው የለም።

መምህር ባዩልኝ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ይከብድሻል» አሏት።

«ይከብዳል» አለች፤ ተሸክማው ሄደች።

ስትነፋው ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጆቹ ሳቁባት። ከበሮ መቺው ላሚቷን ማን እዚህ አስገባት ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ ግን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስትወጣ ቱባውን ይዛ ከበረቱ ጀርባ መለማመድ ጀመረች። ላሞቹ መጀመሪያ ሸሹ። ቆይተው ቀረብ አሉ። ቆይተው ደግሞ ገና ስትጀምር አጥሩ ድረስ እየመጡ ይመልሱላት ነበር። ያን ዓመት ወተቱ ጨመረ የሚሉ አሉ፤ እሱን እንኳ የጨመሩት አውሪዎቹ ናቸው። ብቻ አንድ ቀን ድምፁ ወጣ። ወፍራም ነበር፣ ዝቅ ያለ ነበር፣ የበረቱን ቆርቆሮ አርገበገበው።

የቱባ ሥራ ይኸው ነው። ሌላው ዜማውን ይዞ ከላይ ሲሄድ እሱ ከሥር ቡም፣ ቡም ይላል። ትርንጎ ከሥር ነፋች። ማንም አላመሰገናትም።

ሁለተኛ የመጣባት ነፋሱ ነው። በታችኛው ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራና ባንዱ ለምርቃቱ ተጠራ። ሹማምንቱ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፣ ሕዝቡ ዳገቱን ሞላው። ማርሹ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ከወንዙ ነፋስ ተነሣና የኖታውን ወረቀት ጠራርጎ ወሰደው። ትራምፔቶቹ ጠፋባቸው፣ ዝም አሉ። ክላርኔቶቹ ጠፋባቸው፣ ዝም አሉ። ከበሮ መቺው ዱላውን ትቶ ባርኔጣውን ያዘ። ትርንጎ ግን ከሥር ነፋች። የእሷም ወረቀት ወንዝ ገብቷል፤ እሷ ግን ቡም፣ ቡም እያለች ቀጠለች። ያን የሰማ አንድ ትራምፔት የት እንደደረሱ ገባውና ገባ። ሌላው ተከተለው፣ ሌላውም ተከተለው፣ ማርሹ ሳይቆረጥ አለቀ። ሕዝቡ ለትራምፔቶቹ አጨበጨበ። ከእሷ በቀር ሁሉም ስለሳተ ሕጉ ያን ቀን በማንም ላይ አልተፈጸመም። መምህር ባዩልኝ ግን ወደ ቱባው ዞረው ቆየት ብለው ተመለከቱ።

ያን ሰሞን ባንዱ በሬዲዮ ተላለፈ። የትርንጎ አባት አቶ አስረሴ በአገራቸው ንብ አናቢ ነበሩ። ጎረቤት ሰብስበው በትንሿ ሬዲዮ አዳመጡ። ጎረቤቱ የልጅዎ የትኛው ነው ቢላቸው ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጠፉ፣ አልለዩትም። ክረምት ላይ ስትመጣ ጠየቋት።

«ከሥር ያለው ነው» አለቻቸው።

«ከሥር ምን አለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ሬዲዮ የቱባን ወፍራም ድምፅ አያሰማም። ትርንጎ ልታስረዳቸው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ምኞት አልነበራትም ይባላል። አባቷ አንድ ጊዜ ሰምተው ይቺ የልጄ ናት እንዲሉ ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ሦስተኛ የመጣባት ዝምታው ነው። ትርንጎ የምትመረቅበት ዓመት ደረሰ። መምህር ባዩልኝ ለምረቃው ቀን አዲስ ዜማ ሠሩ። አንድ ቦታ ላይ ባንዱ በሙሉ ጸጥ ይላል፣ ቱባው ብቻውን አጭር ዜማ ይነፋል፣ ከዚያ ክላርኔቶቹ ይገባሉ። ትርንጎ ወዲያው ወደ አባቷ መልእክት ላከች። ሁሉም ዝም ሲሉ የምትሰማው የእኔ ናት ብላ ላከችባቸው።

አቶ አስረሴ መኪና ባለበት በመኪና፣ በሌለበት በእግራቸው መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት፣ ከእንጨቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ግራና ቀኝ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ ዝም ሲሉ ጠብቁ፣ ልጄ ናት ይሉ ነበር።

ከክላርኔቶቹ መካከል ላጲሶ የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልተፈታ፣ ከዚያ ክላርኔት በቀር በግቢው ውስጥ የእኔ የሚለው ነገር የሌለው ልጅ ነው። ሕዝብ ፊት ሲነፋ የመጀመሪያው ነበር።

ዜማው ሄደ፣ ሄደ፣ ቦታው ደረሰ። ባንዱ ጸጥ አለ። አቶ አስረሴ ወደፊት ሰገግ አሉ። ትርንጎ ትንፋሿን ሳበች። ይኼኔ ላጲሶ ቆጠራው ተምታቶበት ቀድሞ ገባ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ክላርኔቱ ብቻውን ጮኸ።

ቢያቆም የሳተ ማን እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ቢቀጥልም ብቻውን ነው። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ጣቶቹ ግን አልቆሙም። ትርንጎ የሳበችው ትንፋሽ ገና ደረቷ ውስጥ ነበር። አባቷን አየች፣ ልጁን አየች። ከዚያ ዜማዋን ተወችና ከሥሩ ገባችለት። ቡም፣ ቡም አለች። ባንዱ ቱባው የሄደበትን ሰምቶ ተከተለ። ላጲሶ የሳተው ነገር ዜማ ሆነ። ሕዝቡ ምንም አላወቀም፣ ሲያልቅ ቆሞ አጨበጨበ።

መምህር ባዩልኝ ግን አወቁ። ተመራቂው በማግስቱ ስለሚበተን ሕጉ እዚያው እንዲፈጸም ባንዱን ከመጋረጃው ጀርባ ሰበሰቡ። የሳተው ማን ነው አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ላጲሶ ሊነሣ ጉልበቱን አንቀሳቀሰ። ትርንጎ ቀድማው ተነሣች።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። «ዜማዬ ሲደርስ አልነፋሁም።»

ይህ ውሸት አልነበረም። መምህር ባዩልኝ ቀረብ ብለው ቱባውን ከእቅፏ ወሰዱ። ባንዱን ካቋቋሙ ጀምሮ ያን ዕቃ አንስተው አያውቁም ነበር። ይዘውት ቆሙ።

«ይከብዳል» አሉ።

«ይከብዳል» አለች።

መልሰው አስታቀፏትና ወጡ። ከዚያን ቀን በኋላ ስቶ መሣሪያውን ያስረከበ ተማሪ የለም።

አቶ አስረሴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። «ልጄ፣ ስጠብቅ ነበር» አሏት፤ «ዝም አላሉም እኮ።»

ያኔ አዘነች። ላጲሶን አልተቀየመችም፤ አዘነች እንጂ። አባቷ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ሳይሰሟት ሊመለሱ ነው።

«አልሆነም፣ አባባ። ዛሬም ከሥር ነበርኩ» አለቻቸው።

«ታዲያ ያ አግዳሚ ምን ሆኖ ነው?» አሉ። «ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ከሥሬ ሲነዝረኝ ነበር። እዚህ ደረቴ ድረስ። ቤቱ ሊፈርስ ነው ብዬ ፈርቼ ለሰው አልተናገርኩም።»

«እሱ ነው የእኔ» አለች።

ሽማግሌው ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ሰው ወጥቶ አልቋል። አግዳሚው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ ይባላል።

በሚቀጥለው ዕደላ ላጲሶ ክላርኔቱን ትቶ ቱባውን አነሣ። ኋላም እዚሁ መምህር ሆነ፤ ይህን የነገረኝ እሱ ነው። በዚህ ባንድ አንድ ሰው ሲስት ቱባው አብሮት ይሄዳል፣ ሌላውም ይከተላል። የሳተው ልጅ ከተደናገጠ «ትርንጎ ከሥር አለች» እንለዋለን። አዳራሹ ወንበር በወንበር ሲሆንም ከፊት ያለው የእንጨት አግዳሚ ያልተነሣው በዚህ ነው። በምረቃ ቀን እዚያ የሚቀመጡት የተመራቂ ነፊዎች አባትና እናት ናቸው። መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ሲጠብቁ ታያላችሁ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። ነገ የምትወስዱትን መሣሪያ ግን ስትመረቁ መልሱ። ትራምፔቱን እንደምትሻሙ አውቃለሁ። ቱባውም ጥጉ ላይ አለ፣ ሆዱ ያው እንደተጨረማመተ ነው። የሚያነሣው ሰው ካለ አስቀድሜ ልንገረው፤ ይከብዳል።