እመት ዶሮ ኩኩሉ ያለች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ «ያለ ፍርዴ ማንም ማንንም እንዳይበላ» ብሎ ባወጀበትና ጅብ በዚህ ምክንያት በረሃብ ጎኑ ገብቶ በነበረበት ዘመን፣ አንድ አህያና አንዲት ዶሮ ወዳጅ ነበሩ። ዶሮዋ የምታድረው አህያው ጀርባ ላይ ነው። እሷ መዥገሩን ትለቅምለታለች፤ እሱ ሙቀቱን ይሰጣታል። አህያ ብዙ አያወራም፤ ሲያወራም የሚሰማው የለም። ዶሮዋ ግን ትሰማዋለች። ስለዚህ በጣም ይወዳት ነበር።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ከጀርባው ላይ «ኩኩሉ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ቢል አውራ ዶሮ የለም። ዶሮዋ ራሷ ናት፤ አንገቷን እንዳሰገገች ደንግጣ ቀርታለች።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ እንጃ፤ ከኔ ነው የወጣው» አለች። «ደግሞ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ።»

አህያ አንድ የሚያጽናና ነገር ሊላት ሲያስብ መንደሩ በጩኸት ተናጋ። ሴት ዶሮ ከጮኸች አገር ይጠፋል የሚሉ ጎረቤቶች ሞልተዋል። ያችው ዶሮ ታርዳ ካልተበላች መዓቱ አይመለስም ይላሉ። መዓት በመብላት ይመለሳል ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የራበው መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ነገሩ አንበሳ ዘንድ ደረሰ። አንበሳም «አውጫጭኝ ይቀመጥ!» ብሎ አዘዘ። አውጫጭኝ ማለት አገር በሙሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ እውነቱ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት፣ እህል ውሃ የማይቀመስበት ሸንጎ ነው። ደንቡ ሌባ ለማውጣት ነበር። የዛሬው ጥያቄ ግን «ይህ ድምፅ ለዶሮዋ ከየት መጣ?» የሚል ሆነ።

መጀመሪያ እመት ቀበሮ ጅራቷን አስተካክላ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ከሐሳብ ነው። ከወንዝ ማዶ ያሉ ሊቃውንት ወፎች ‹እኔ ማለት ላባዬ ሳይሆን ልቤ ነው› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነፋስ አምጥቶ ጆሮዋ ውስጥ ከቶባት ነው።»

«የምን ሐሳብ!» አለ ዝንጀሮ። «ከአስተዳደግ ነው እንጂ! እናቷ በልጅነቷ ሞታ፣ አውራ ዶሮ ስትከተል ነው ያደገችው። ልጅ ያየውን ነው።»

«አውራ ዶሮ የተከተሉት እህቶቿ ለምን አልጮኹም?» አለች ቀበሮ።

«ነፋሱስ የሌሎቹን ጆሮ ለምን አለፈው?»

ሁለቱ ተያያዙ። ኤሊም ለማስታረቅ «እንደኔ እንደኔ...» ብላ ጀመረች፤ ጠዋት የጀመረችውን እስከ ቀትር አልጨረሰችም። ቀኑ መሸ፣ ሌላ ቀን ነጋ፣ ክርክሩ ግን ባለበት ነበር። አህያ የዶሮዋ እግሮች ጀርባው ላይ ሲንቀጠቀጡ ይሰማዋል። አፏ በውሃ ጥም ተከፍቶ ቀርቷል። ሁሉም የሚጮኸው ስለ እሷ ነው፤ ወደ እሷ የሚያይ ግን አልነበረም።

ያኔ ቀበሮ ወደ ጅብ ጠጋ ብላ «አንተ ሆዷ ይመርመር በል፤ ክንፏ የኔ ነው» ብላ አንሾካሾከች። ጅብ ነገሩ የገባው ክንፍ የሚለው ላይ ሲደርስ ነው፤ ወዲያው ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ምን ያከራክረናል?» አለ ምራቁን እየዋጠ። «ሥሩ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው። ለኔ ስጡኝ፤ በጥርሴ ከፍቼ ልፈልገው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው!»

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች ዶሮዋ በደከመ ድምፅ።

አንበሳም ሰልችቶት ነበርና «እንግዲያው ይከፈትና...» ብሎ ጀመረ።

አህያ በሸንጎ ተናግሮ አያውቅም። ጅብ ፊት ቆሞ ጅብን መቃወም ደግሞ ለአህያ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ዶሮዋን እንደተሸከመ ወደ መሀል ወጣ።

«ጌታዬ፣ አያ ጅቦ ያለው ልክ ነው» አለ።

ዶሮዋ ጀርባው ላይ ደርቃ ቀረች።

«ሥር ከተፈለገ ሆድ መክፈት ነው» አለ አህያ። «ታዲያ ከታላላቆቹ ይጀመር። አያ ጅቦ የማይጠግበው ለምንድን ነው? ይከፈትና ይታይ። እመት ቀበሮ ብልጠቱን ከማን ተማረችው? ትከፈት። እኔም ቀትር ሲሆን ለምን እንደማናፋ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእሷ በፊት እኔን ክፈቱኝ። እርስዎም ጌታዬ...»

«እኔ ምን?» አለ አንበሳ።

«እርስዎም ሲያንቀላፉ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፉት።»

ጅብ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ጫነ።

«ኧረ ሆድ የሚሞላ ነገር ነው እንጂ የሚከፈት ነገር አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ቀበሮም ቤቷ ጥላው የመጣችው ሥራ ትዝ አላት።

አንበሳም ጎፈሩ እስኪርገፈገፍ ሳቀ።

«አውጫጭኙ ተፈትቷል» አለ። «ሥር መፈለግ ያማረው ከራሱ ይጀምር። እሷን የነካ ግን እኔን ነካ።»

ሁሉም ወደየቤቱ እየተሯሯጠ ሄደ። አህያ ግን ቀጥታ ወደ ምንጩ ወረደ። መንገድ ላይ ዶሮዋ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አንተስ? ድምፄ ከየት እንደመጣ ማወቅ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ እንጂ» አለ አህያ። «ባውቀው ደስ ይለኛል፤ አንቺም ደስ ይልሻል። ‹ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ› ይባል የለ? ሥሩን አብረን እንፈልገዋለን፤ ዕድሜያችንን ይፈጅ ይሆናል። ውሃው ግን ይኸውልሽ። በይ ጠጪ።»

አንገቱንም ዝቅ አደረገላት፤ ዶሮዋም በአንገቱ ላይ ወርዳ እስክትረካ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ የወዳጃችን ነገር ከየት መጣ ብለን ሥሩን ስንቆፍር ወዳጃችን ራሱ በውሃ ጥም እንዳይደርቅብን፣ ከምርመራው ፍቅሩን ማስቀደም እንዳለብን ነው።