የዘገየችው ክር

አንድ ወጣት ግንበኛ የበኩር ልጁን ጡት ሳትጥል ቀበረ። ሐኪሞች «ሕፃኗ የተፈጠረችው ከአንድ ትርፍ ክሮሞሶም ጋር ነው» አሉት። እናቱ ግን በለቀስተኛ ፊት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። እሱም ዝም አለ። ሚስቱ ስንዱ ዝምታውን ሰማችና ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሲመጡ «መጀመሪያ ከማን እንደመጣ ልወቅ» ብሎ መለሳቸው። ከዚያም የሴልን አከፋፈል የሚያጠኑ አንዲት ተመራማሪ ዘንድ ሄደ።

«ዶክተር፣ ከእኔ ነው ከእሷ?»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ከእሷ ከሆነ አልመልሳትም።»

«ከአንተ ከሆነስ?»



ተመራማሪዋ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሱት። ሊከፈል በተሰናዳ ሴል ውስጥ ክሮሞሶሞቹ እንደ አጫጭር ክሮች ይርመሰመሳሉ። አንዲት ጠብታ መድኃኒት ጨመሩበት። ክሮቹ እንደ ሱፍ አበባ ክብ ሠርተው ቀሩ።

«ገደሉት እንዴ?»

«አስቆምኩት እንጂ። መድኃኒቱ የያዘው ክሮቹን ቦታ ከሚያስይዙት ብዙ ጥቃቅን አንቀሳቃሾች አንዱን ብቻ ነው። የአንዱ ሥራ የሚታወቀው ሲቆም ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካልህ ሰው ሲቀር አታውቀውም?»

«እሱ ከቀረማ ሁላችንም ቁጭ ነው።»

መድኃኒቱን አጥበው አስወገዱት። ብዙ ጠበቁ። ክቡ ተፈታ፤ ክሮቹ አንድ በአንድ መጥተው መሀል ላይ ተሰለፉ። ግንበኛው በውኃ ልክ ሲሠራ ኖሮ እንዲህ ያለ መስመር አይቶ አያውቅም። አንዷ ክር ግን ዳር ቀርታ ትንቀረፈፋለች።

«ሌሎቹ ምን ይጠብቃሉ?»

«እሷን።»

«ትተዋት ቢሄዱስ?»

«ትተዋት ላለመሄድ ነው የቆሙት። አሁን እያወራን ሰውነትህ ውስጥ ስንቱ ሴል እንዲህ ይጠባበቃል መሰለህ። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋር፣ አንዳንዴ አንዷ መንገድ ስታ ለአንዱ ወገን ትርፍ ትሆናለች። የልጅህም እንዲያ ነው። ማንም አላጠፋም።»

የዘገየችው ደረሰች። ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ጎን ተካፍለው ሄዱ። ግንበኛው ትንፋሹን ይዞ አየ። ቀና ሲል የመጣበት ጥያቄ ጠፍቶበት ነበር።

ሽማግሌ አልላከም። ራሱ ሄዶ ከአማቱ ደጅ ቆመ። ስንዱ ወጣች።

«አወቅህ ከማን እንደሆነ?»

«ከማንም አይደለም። ለእናቴም ነግሬ ነው የመጣሁት።»

ቆማ አየችው። «ጫማዬን ላድርግ» አለች።

ጥፋተኛ የሌለው ሐዘን አለ። ጥፋተኛ ስንፈልግለት ሁለተኛ ሰው እናጣለን። ዓይን የማያያት ሴል እንኳ ወደ ኋላ የቀረችውን ሳትጠብቅ አትራመድም። እኛስ ማንን ትተን ነው የሄድነው?