ትርንጎ ክር መግመድ የለመደችበት ክረምት

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ሐምሌ ነው፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ የትም አትሄዱም። አንተ ጥጉ ላይ ያለኸው፣ ጋቢውን ለእህትህም አካፍላት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰማሁትን ግን አልረሳም።

እንዲህ ባለ ክረምት ትርንጎ የምትባል ልጅ እትዬ አሰገደች ጧፍ ቤት ተቀጠረች። የጥጥ ክር ይገመዳል፣ ሰም ውስጥ ይነከራል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል። ትርንጎን ክር ላይ አስቀመጧት፤ እንዴት እንደሚገመድ ግን ማንም አላሳያትም፤ እንደመሰላት ትገምድ ነበር። እትዬ አሰገደች "እስከ ፍልሰታ ካልለመድሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ" አለቻት። አገሯ ደግሞ ማን አላት? እናቷ አርፋለች፣ ቤቱም ፈርሷል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ መግመድ የሚያሳያት ሰው።

ሰም ነካሪው ጋሽ ወንድይራድ ዘንድ ሄደች። "ጋሼ፣ መግመድ ያሳዩኝ።"

"ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ። ደግሞስ በየትኛው እጄ? ሰሙ ሳይነጠር እየመጣ የንብ ክንፍ ስለቅም እውላለሁ። ብርቄ ታንጥርልኝ፣ ያኔ አሳይሻለሁ።"

ሰም አንጣሪዋ ዘንድ ሄደች። "እትዬ ብርቄ፣ ሰሙን ያንጥሩልኝ። ሰም ካልነጠረ ጋሽ ወንድይራድ አያሳዩኝም፤ እሳቸው ካላሳዩኝ መግመድ አልችልም።"

"በእርጥብ እንጨት ሰም ይነጥራል? ዓይኔ በጭስ ጠፋ። ባዬን ደረቅ እንጨት አምጣ በይው።"

እንጨት ፈላጩ ዘንድ ሄደች። "ባዬ፣ ደረቅ እንጨት አምጣ። እንጨት ካልደረቀ እትዬ ብርቄ ሰም አያነጥሩም፤ ሰም ካልነጠረ ጋሽ ወንድይራድ አያሳዩኝም፤ እሳቸው ካላሳዩኝ መግመድ አልችልም።"

ባዬ መጥረቢያውን ተደግፎ ሳቀ። "እኔ ፀሐይ ነኝ? የእንጨት ቤቱ ጣራ ያፈሳል። እትዬ አሰገደች ቆርቆሮ ያስመቱ።"

ፈራ ተባ እያለች ወደ እትዬ አሰገደች ገባች። "እትዬ፣ ቆርቆሮ ያስመቱ። ጣራው ካፈሰሰ ባዬ እንጨት አያደርቅም፤ እንጨት ካልደረቀ እትዬ ብርቄ ሰም አያነጥሩም፤ ሰም ካልነጠረ ጋሽ ወንድይራድ አያሳዩኝም፤ እሳቸው ካላሳዩኝ መግመድ አልችልም።"

"በምን ላስመታ? ጧፌን ገዝተው ደጀ ሰላሙ ላይ ይሸጡ የነበሩት እማሆይ ወለተ ሰንበት ትተውኛል። እሳቸው ይግዙኝና ጣራው ይመታል።"

ዝናቡን ተከናንባ ሄደች። "እማሆይ፣ ጧፍ ይግዙን። እርስዎ ካልገዙ እትዬ ቆርቆሮ አያስመቱም፤ ጣራው ካፈሰሰ ባዬ እንጨት አያደርቅም፤ እንጨት ካልደረቀ እትዬ ብርቄ ሰም አያነጥሩም፤ ሰም ካልነጠረ ጋሽ ወንድይራድ አያሳዩኝም፤ እሳቸው ካላሳዩኝ መግመድ አልችልም።"

"ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣ ልጄ" አሉ እማሆይ። ከቀራቸው አንድ ጧፍ አውጥተው ለኮሱ። መሐሉ ላይ ሲደርስ እልም አለ። "አየሽ? ክሩ ልል ነው። ጸሎት መሐል እየጠፋባቸው ሰዎች አዘኑብኝ።"

ትርንጎ ክሩን ፈታ አድርጋ አየችው። ወደ ግራ ዞሯል። እሷ ግራኝ ናት፤ ጧፍ ቤቱ ውስጥ ሌላ ግራኝ የለም፤ ክሩ የራሷ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ፍርሃቷ ግን ከዝናቡ ጋር መንገድ ላይ ቀረ መሰለኝ።

ስትመለስ ሁሉም ምሳ ላይ ነበሩ። ቆማ ተናገረች። "እትዬ፣ ጧፉ የሚጠፋው ክሩ ልል ሆኖ ነው። ክሩን የገመድኩት እኔ ነኝ። ክሩ ስለላላ እማሆይ አይገዙም፤ እማሆይ ስላልገዙ እርስዎ ቆርቆሮ አያስመቱም፤ ጣራው ስላፈሰሰ ባዬ እንጨት አያደርቅም፤ እንጨት ስላልደረቀ እትዬ ብርቄ ሰም አያነጥሩም፤ ሰም ስላልነጠረ ጋሽ ወንድይራድ አያሳዩኝም፤ ማንም ስላላሳየኝ ክሩ ላላ።"

"እንግዲያ ሁላችንም የተንጠለጠልነው በዚች ልጅ ክር ላይ ነዋ" አለ ባዬ።

እትዬ አሰገደች ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። "እናቴ ሙያ በልብ ነው እያለች፣ እጄን ይዛ ነበር ያስተማረችኝ። እኔ አባባሏን ይዤ እጇን ረሳሁ።" ዱካውን ሳበችና ከትርንጎ ጎን ተቀመጠች። "በግራሽ ሥሪ፣ ግድ የለም። ጭንሽ ላይ አንከባልይው፤ ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ። እንደሱ።"

ክሩ ጠበቀ። ክሩ ሲጠብቅ ጧፉ እስከ ጫፉ ነደደ፤ ጧፉ ሲነድ እማሆይ ገዙ፤ እማሆይ ሲገዙ እትዬ ቆርቆሮ አስመታች፤ ጣራው ሲመታ ባዬ እንጨት አደረቀ፤ እንጨቱ ሲደርቅ እትዬ ብርቄ ሰም አነጠረች፤ ሰሙ ሲነጥር ጋሽ ወንድይራድ እጁ አረፈና መጣ።

"ነይ፣ አሁን መግመድ ላሳይሽ።"

"ጋሼ፣ እሱንስ ቻልኩት። ሰም መንከሩን ያሳዩኝ።"

ሳቀና አሳያት።

ፍልሰታ ሲገባ ትርንጎ ራሷ ገምዳ የነከረችውን የመጀመሪያ ጧፍ ለኮሰች፤ ከእማሆይ ጀምራ እስከ ጋሽ ወንድይራድ የሁሉንም ስም እየጠራች አመሰገነች። ማንም ወደ አገርሽ ሂጂ አላላትም።

ከዚያማ ጧፍ ቤቱ ሰፋ፤ ሌላ ደብርም ይወስድ ጀመር። እትዬ አሰገደች አዲስ ሰው ስትቀጥር ከሚያውቅ ሰው ጎን ሳታስቀምጥ ክር አታስነካም። የብርቄ ዓይን ዳነ። ባዬ ማንጠር ተማረ። ጋሽ ወንድይራድ አርጅቶ፣ ያስተማራቸው እየጦሩት ኖረ። እማሆይ በሰላም አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ የነደደው የትርንጎ ጧፍ ነው። ትርንጎ ዛሬ እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጣ ለአዲሶቹ መግመድ ታሳያለች፤ ለቀኙም፣ ለግራኙም።