ኤሊዋ ሣር አላጭድም ያለች ዕለት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ የቸኮለም ለጊዜው ችኮላውን ያቆየው። እኔም የማወራላችሁ ስለ አንድ የቸኮለ ሰው ነው።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ አቶ ሠርፀ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጋር ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት አሮጌ የሣር ማጨጃ ሮቦት ነበረች። ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል አዲስ ማጨጃ ሲገዛ ነው እነሱ ግቢ የገባችው። ጎማዋ ተላልጧል፤ ጀርባዋ በፀሐይ ነጥቷል። ማንም ሳይነዳት መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀች ሣሩን ትላጫለች፤ ሲደክማት ራሷ ወደ ማደሪያዋ ተመልሳ ቻርጅ ታደርጋለች። ወይዘሮ ስንዱ ገና ያዩዋት ዕለት “ይቺማ ኤሊ ናት” ስላሉ ኤሊ ተብላ ቀረች።

ግንቦት ላይ ኤሊ ቆመች። አቶ ሠርፀ “ነገ እሠራታለሁ” አሉ። በነጋታውም “ነገ” አሉ። ሣሩ ሲያስቸግር ማጭድ የያዘ ሰው ጠሩ፤ ሰውዬው እዚህ አሳጥሮ፣ እዚያ አስረዝሞ፣ ጉቶ ጉቶውን ትቶት ሄደ። በማግስቱ ወይዘሮ ስንዱ ልብስ ሊያሰጡ ወጡ፤ ጉቶው እግራቸውን ያዘና ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ስብራቱ ተጠገነ፤ አጥንቱም ገጠመ። ሐኪሙ “አሁን መራመድ አለብዎት፤ ከቆዩ እግሩ እንደደረቀ ይቀራል” አላቸው። እሳቸው ግን በረንዳው ላይ ካለው ወንበር አላለፉም። ባላቸው ሲለምኗቸው “እግሬማ ድኗል፤ የፈራው ልቤ ነው” ይላሉ። አቶ ሠርፀ ያን ሲሰሙ የራሳቸው “ነገ፣ ነገ” ጆሯቸው ላይ ይጮህባቸዋል።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ቁርስ ላይ፣ ወይዘሮ ስንዱ ሣሩን አይተው አይተው፣

“እንደ ድሮው ኤሊ ብታጭደው እኮ እወርድ ነበር” አሉ።

አቶ ሠርፀ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ። “ዛሬ?”

“ዛሬ። ነገን ግን እንጃ፤ የዛሬው ልቤ ነገ ይኑር አይኑር አላውቅም።”

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውዬው መቆሚያ አጡ። ቀና ሲሉ ከታቦር ተራራ ወዲያ ደመናው ጠቁሯል። ኤሊን ገለበጧት። ሆዷ ላይ የደረቀውን ሣር በእንጨት ፋቁ፣ ሦስቱን ትንንሽ ምላጮች ቀየሩ፣ ቻርጅ የምታደርግበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ማደሪያዋ ውስጥ ከተው ጠበቁ። ቁልፏን ሲጫኑ ስንዝር ያህል ሄደችና ጮኻ ቆመች። መስኮቷ ላይ የወሰን ሽቦዋ እንደጠፋባት የሚናገር ጽሑፍ መጣ። ሽቦው ግቢውን ዙሪያውን በመሬት ውስጥ ይዞራል፤ የት ድረስ እንደምትሄድ የሚነግራት እሱ ነው፤ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ንቅንቅ አትልም።

ሽቦው ኤሊዋን አይጠራም፤ ኤሊዋ ሣሩን አታጭድም፤ ወይዘሮ ስንዱም አይራመዱም።

ሆቴሉ ውስጥ ኤሊን ያሳደጋት አትክልተኛ ልሳኑ ይባላል። ደወሉለት።

“ጋሼ፣ ግቢውን በሙሉ እንዳይቆፍሩ” አላቸው። “የጥንት ሬዲዮ ይፈልጉ፤ የስልኩ አይሆንም። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከማደሪያዋ ይንቀሉና በሽቦው መንገድ ላይ ሬዲዮውን ይዘው ይሂዱ። ሽቦው ደህና እስከሆነ ድረስ ሬዲዮው እዝዝ ይላል። የተቆረጠበት ጋ ሲደርሱ ዝም ይላል።”

እንዲህ ያለ ሬዲዮ በሰፈሩ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ጎረቤታቸው አቶ ዳንጊሶ። አቶ ሠርፀ ሮጡ ማለት ይቻላል። ሬዲዮው ፓፓያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለብቻው ይለፈልፋል። አጥሩ ላይ ደግሞ አንዲት ጦጣ ከነልጆቿ ተደርድራለች።

“ዳንጊሶ ወንድሜ፣ ሬዲዮህን ለግማሽ ሰዓት።”

“ለአንተ ነፍሴንም እሰጥ ነበር” አሉ አቶ ዳንጊሶ። “ይቺ ግን ወሬ አይደለም የምታሰማኝ፤ ፓፓያዬን ነው የምትጠብቅልኝ። ትናንት የባትሪ ድንጋይ ስቀይርላት ብቻ ሦስት ፍሬ ወሰዱብኝ። የዘርትሁንን ውሻ አምጣልኝና ሬዲዮዋን ውሰድ።”

ጦጣዋ ሬዲዮውን አትለቅም፤ ሬዲዮው ሽቦውን አያገኝም፤ ሽቦው ኤሊዋን አይጠራም፤ ኤሊዋ ሣሩን አታጭድም፤ ወይዘሮ ስንዱም አይራመዱም።

ወይዘሮ ዘርትሁን ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖሩት። ውሻቸው መብረቅ ይባላል። መብረቅ ግን በሩ ሥር ተጋድሞ የፊት እግሩን ይልሳል።

“ተነሥ በይልኝ እስቲ።”

“አይነሣም ጋሼ። ከትናንት ወዲያ እሾህ ወግቶት ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷል። እኔ ልንካው ብል እንኳ፣ ይኸው” ብለው የተነከሰ እጅጌያቸውን አሳዩ። “ዶክተር ዓይንአዲስ እመጣለሁ ብላኝ ነበር፤ ቀረች።”

እሾሁ ውሻውን አያስነሣም፤ ውሻው ጦጣዋን አያባርርም፤ ጦጣዋ ሬዲዮውን አትለቅም፤ ሬዲዮው ሽቦውን አያገኝም፤ ሽቦው ኤሊዋን አይጠራም፤ ኤሊዋ ሣሩን አታጭድም፤ ወይዘሮ ስንዱም አይራመዱም።

አቶ ሠርፀ ወደ ዶክተሯ ቤት እየተራመዱ አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ ደመናውን ያያሉ። ስልካቸው ጠራ። ወይዘሮ ስንዱ ናቸው።

“የት ደረስክ?”

“መጣሁ፣ መጣሁ! እዚያው ሁኚ!”

“ወዴት እሄዳለሁ ብለህ ነው?” አሉ ወይዘሮ ስንዱ። ድምፃቸው ግን ከጠዋቱ ቀዝቀዝ ብሏል። አቶ ሠርፀ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ዶክተር ዓይንአዲስ የእንስሳት ሐኪም ናት። የመድኃኒት ሣጥኗ ሞተሯ ላይ ታስሯል፤ ሞተሯ ግን የኋላ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ተሰቅሏል።

“ባጃጅ ልጥራልሽ የኔ ልጅ” አሉ አቶ ሠርፀ።

“ከውሻው በኋላ ወደ ቱላ መሄድ አለብኝ፤ አንዲት ላም ምጥ ይዟታል። እዚያ ጭቃ ውስጥ ባጃጅ አይገባልኝም። ጎማውን ጎሚስታ ቤት ከላክሁት ሁለት ሰዓት ሆነኝ። ሲሠራልኝ መጀመሪያ መብረቅ ጋ ነው የምመጣው፤ እንቢ ብዬ አይደለም ጋሼ።”

ጎማው ሞተሩን አይሸከምም፤ ሞተሩ ሐኪሟን አያደርስም፤ ሐኪሟ እሾሁን አትነቅልም፤ እሾሁ ውሻውን አያስነሣም፤ ውሻው ጦጣዋን አያባርርም፤ ጦጣዋ ሬዲዮውን አትለቅም፤ ሬዲዮው ሽቦውን አያገኝም፤ ሽቦው ኤሊዋን አይጠራም፤ ኤሊዋ ሣሩን አታጭድም፤ ወይዘሮ ስንዱም አይራመዱም።

ጎሚስታው ኑረዲን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዶክተሯ ጎማ እግሩ ሥር እንደመጣ ተጋድሟል። የቀኝ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

“አባባ፣ ጣቴ ተሰንጥቋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ዛሬ የለም። አንዱ ካልረገጠና ካልያዘ፣ አንዱ ብቻውን ጎማ ከቸርኬ አያወጣም። ሰው ሲመጣ እሠራዋለሁ።”

“ሰው መቼ ይመጣል?”

“እንጃ። ነገ ይመጣ ይሆናል።”

ጎሚስታው ጎማውን አይፈታም፤ ጎማው ሞተሩን አይሸከምም፤ ሞተሩ ሐኪሟን አያደርስም፤ ሐኪሟ እሾሁን አትነቅልም፤ እሾሁ ውሻውን አያስነሣም፤ ውሻው ጦጣዋን አያባርርም፤ ጦጣዋ ሬዲዮውን አትለቅም፤ ሬዲዮው ሽቦውን አያገኝም፤ ሽቦው ኤሊዋን አይጠራም፤ ኤሊዋ ሣሩን አታጭድም፤ ወይዘሮ ስንዱም አይራመዱም።

አቶ ሠርፀ እንደ ልማዳቸው ወደ መንገዱ ዞሩ። “እሺ፣ ማንን ልጥራልህ? ንገረኝ፣ የትም ድረስ እሄዳለሁ።”

ኑረዲን ሳቀ። “ማንንም አይጥሩ አባባ። ሁለት እጅ ያለው ሰው ከሆነ ይበቃኛል።”

አቶ ሠርፀ ከጠዋት ጀምሮ ከበር ወደ በር ያመላለሷቸውን ሁለት እጆች አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ጠመኔ እንጂ ጎማ ያልያዙ እጆች ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ግንቡ ላይ ሰቀሉ።

“የት ነው የምይዘው?”

“ኧረ ይተዉ፣ ልብስዎ...”

“የት ነው የምይዘው አልኩህ!”

ተንበረከኩ። ኑረዲን በግራ እጁ ብረቱን ሰካ፤ አቶ ሠርፀ ረገጡ፣ ያዙ፣ ጎተቱ። አንዴ አመለጣቸውና ጉልበታቸውን መታቸው። “ቢስሚላህ፣ አሁን!” አለ ኑረዲን። ጎማው ጧ ብሎ ወጣ። ውስጡ የጣት ግማሽ የምታክል ሚስማር ተገኘች። ለጠፉት፣ ነፉት፣ ውኃ ውስጥ ነክረው አዩት፤ አረፋ የለም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጎሚስታው ጎማውን ፈታ፤ ጎማው ሞተሩን ተሸከመ፤ ሞተሩ ሐኪሟን ወሰደ። ሐኪሟን ብቻ አይደለም፤ ሞተር ላይ ወጥተው የማያውቁት አቶ ሠርፀ ከኋላ የመድኃኒት ሣጥኑን አቅፈው “ቀስ፣ ቀስ በይ!” ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ “ፍጠኚ እንጂ!” ይላሉ። ዶክተር ዓይንአዲስ የመብረቅን አፍ በፋሻ አሰረች፤ በመቆንጠጫ ገብታ የግራር እሾህ ይዛ ወጣች። ሐኪሟ እሾሁን ነቀለች፤ እሾሁ ውሻውን ለቀቀው። ወይዘሮ ዘርትሁን እያነከሰ ወደ አቶ ዳንጊሶ ግቢ ይዘውት ሄዱ። መብረቅ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ውሻው ጦጣዋን አባረረ፤ ጦጣዋ ሬዲዮውን ለቀቀች፤ አቶ ዳንጊሶም “በል ውሰዳት፤ ድምፅዋን ግን እንዳታበላሽብኝ” ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡ።

አቶ ሠርፀ ግቢያቸው ገቡ። እጃቸው ጥቁር፣ ሱሪያቸው ጭቃ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በረንዳው ላይ ሆነው “ምን ሆንክ?” ሲሏቸው “በኋላ፣ በኋላ” ብለው አለፉ። የሽቦውን ጫፍ ነቀሉ፤ ሬዲዮውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው በአጥሩ ሥር መሄድ ጀመሩ። ሬዲዮው እንደ ንብ እዝዝ ይላል። ግን የአቶ ሠርፀ ጆሮ ቀጭን ድምፅ መለየት ከተወው ቆይቷል። አንድ ዙር ሄዱ፤ ያው መሰላቸው። ሁለተኛ ዙር ጀመሩ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ራሳቸው ላይ አረፈች።

“አልፈኸዋል!” አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

“ምን?”

“ዝም ካለ እኮ ቆየ! ተመለስ! ተመለስ... ትንሽ... እዚያ ጋ! እዚያ ጋ ነው የጠፋው!”

አቶ ሠርፀ ዘወር ሲሉ ሚስታቸው የበረንዳውን ብረት ይዘው ቆመዋል። እንዳያስደነግጧቸው ፈርተው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆፈሩ። ፍልፈል አፈሩን ቆልሎ ሽቦውን ለሁለት ቆርጦታል። ጫፍና ጫፉን ላጡ፣ አጠማዘዙ፣ በፕላስተር ጠቀለሉ፣ የነቀሉትንም መለሱ። ሬዲዮው ሽቦውን አገኘ፤ ሽቦው ኤሊዋን ጠራ፤ ኤሊዋም እየተንገጫገጨች ወጣች።

ከበረንዳው ደረጃ ሥር ጀመረች። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትዞራለች፤ የታጨደ ሣር ሽታ ተነሣ። ባትሪዋ ግን ያረጀ ነው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላት ፍጥነቷ ቀነሰ፤ የግቢውን ሩብ ያህል አጭዳ ወደ ማደሪያዋ ዞረች።

“ምነው አሁንስ!” አሉ አቶ ሠርፀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልተሰበረው ድምፃቸው ያኔ ተሰበረ። “ስንዱዬ፣ እስክትሞላ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። ሁለት ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ።”

“የታጨደው ይበቃል። ክንድህን ስጠኝ።”

ሦስቱን ደረጃ በክንዳቸው ተደግፈው ወረዱ። ሣሩ ላይ ሲደርሱ ክንዱን ለቀቁ። አንድ እርምጃ። ቆሙ። ሌላ እርምጃ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ አቶ ሠርፀ እጃቸውን ዘርግተው ከጎን ከጎናቸው ይሄዳሉ እንጂ አይነኳቸውም። ወይዘሮ ስንዱ የታጨደው ጫፍ ድረስ ደረሱ።

“ይበቃል! ከዚህ ወዲያ አልታጨደም፤ እንመለስ።”

ወይዘሮ ስንዱ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውን እርጥብ ሣር አዩት። ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ከፍ አደረጉና እግራቸውን ሣሩ ውስጥ ከተቱ።

“ስንዱ!”

“ዝም በል፤ እየቆጠርኩ ነው።”

እኔም እስከዚህ ድረስ ነው የማውቀው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን እርምጃ እሳቸው ይቁጠሩት።