የግንበኛው ድድ

በደብረ ብርሃን አንድ ግንበኛ ማክሰኞ ዕለት ጥርሱን አስሞላ፤ ዓርብ ድዱ አብጦ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ወደ ሐኪሙ ተመለሰ። ዶክተር ይልቃል ተራ ጠባቂዎቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የእኔ ሙሌት እንከን የለውም! ጥፋቱ የድድህ ነው። በእነዚህ ሰዎች ፊት ይህን ካላመንክ አላክምህም!»

ግንበኛው ሦስት ቀን ሙሉ እህል አላኘከም ነበር።

«አምናለሁ ዶክተር» አለ። «እኔም የለሰንኩት ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ባለቤቱን ‹ጥፋቱ የቤትህ ነው› እለዋለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እውነቴን ሆኖ አያውቅም።»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩ ፊታቸው ቀልቶ አፉን አስከፈቱት። ከድዱ ውስጥ መዝዘው ያወጡት ግን፣ ግንበኛው ራሱ አዲሱን ሙሌት ሲጎረጉርበት የሰነበተው የክብሪት እንጨት ስባሪ ነበር።