ቶሎ የሚሞላ ጎተራ

አንድ ገበሬ ነበረ። አንተ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር «ጎተራችን በየዓመቱ እየሞላ ይህ ረኃብ ከየት መጣብን?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የእሱን ልንገርህ፤ ብቻ ሰዓትህን አትይ።

ገበሬው ከአባቱ የወረሰው ትልቅ ጎተራ ነበረው። ነቀዝ እንዳይገባው በየዓመቱ ውስጡን በጭቃና በእበት ይመርገዋል። አባቱ አሮጌውን ምርጊት ፍቀው ሲያበቁ ነበር አዲሱን የሚመርጉት። እሱ ግን መፋቅ ይሰለቸዋል፤ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይደርብበታል። ከውጭ ለሚያየው ጎተራው ያው የድሮው ነው።

እርሻው የሚሰጠው እህል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጎተራው ግን ከዓመት ዓመት ቶሎ ይሞላ ጀመር። ገበሬው «በረከት ገባልን!» እያለ አውድማ ላይ የተረፈውን ማሽላ ገበያ አውጥቶ ይሸጠዋል። በዚህ መካከል ልጆቹ አገቡ፣ ምራቶች መጡ፣ ቤቱ በሕፃናት ተሞላ። «ይበቃናል ወይ?» ያለው ሰው ቢኖር፣ ጎተራውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ጢም ብሏል!» ይለዋል።

አንድ ክረምት ዝናቡ ቀረ። በአባቱ ዘመን የአምናው እህል ክፉውን ዓመት ያሻግር ነበር። አሁን ግን ጥር ሳይጋመስ ጎተራው ባዶውን ቀረ።

«ሌባ አለ!» ብሎ ጮኸ። ዐይኑን የጣለው እህል በምታወጣው በታናሽ ምራቱ ላይ ነው። ምላ ተገዝታ ብትለምነው አልሰማትም። የምታጠባውን ሕፃን አዝላ፣ በዚያ ረኃብ፣ ወደ ወላጆቿ አገር በእግሯ ሄደች።

ካባረራት በኋላ እህሉ የሾለከበትን ቀዳዳ ሊፈልግ ጎተራውን በመጥረቢያ ሰነጠቀው። ቀዳዳ አልነበረም። ግድግዳው ግን ክንድ ያህል ወፍሯል። የየዓመቱ ምርጊት ተደራርቦ፣ ለእህል የተረፈው ቦታ የድሮውን ሲሶ አይሆንም።

መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ። ምራቱን ወላጆቿ ደጅ ተቀምጣ አገኛት። አንቀልባው ታጥፎ ጭኗ ላይ ነበር፤ ሕፃኑን መንገድ ላይ ቀብራዋለች። ቀና ብላ አየችውና «አባባ፣ ሌባው ተገኘ?» አለችው።

ልጄ፣ ያ ገበሬ አልዋሸም። ጎተራው እውነትም ሞልቶ ነበር። አንተም በየስብሰባው «ዘንድሮም ሞልቷል» ስትለን እውነትህን ነው። ግን የምታስተያየው ከአምናው ጋር ብቻ ነው። ከአባቶቻችን ወዲህ ስንት አፍ እንደተጨመረ፣ መሬታችን ስንት ጊዜ እንደተሸነሸነ፣ ለክፉ ቀን የሚተርፈን ምን ያህል እንደጠበበ ማን ጠየቀ? ረኃቡ በዚህ ክረምት አልመጣብንም። ደስ ባለን ዓመታት ሁሉ ስንመርገው ነው የኖርነው።

ከማኅበራችን መጋዘን እህል ጎድሏል ብለህ ጠባቂዋን ልታባርራት ነው ሲሉ ሰማሁ። ከማባረርህ በፊት ግድግዳውን እይ። እሷም ሕፃን አዝላለች።