መስኮቷን ማን ያዛት?

ባለቤቴ ሽመክት መምህር ነበር። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ማንቀላፋት ሲጀምሩ ጠመኔውን ያስቀምጥና «ተረቴ ጭራ አላት፤ ማን ይይዝላታል?» ይላል። «እኛ!» ይላሉ ልጆቹ። አንዱ ነገር በሌላው ላይ እየተንጠለጠለ የሚሄድ ተረት ነበር የሚያወራላቸው። ይህችን በእሱ አወራር እጽፋታለሁ፤ እንዳልረሳው። ጭራዋን የሚይዝልኝ ስለሌለ ራሴው ይዤያታለሁ።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እኔ ነኝ። አንዲት መስኮት እንድትከፈትላት ፈለገች።

ጡረታ እንደወጣን ሽመክትና እኔ ማላዊ ሄደን፣ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር፣ ሴቶችን ፊደል ለማስተማር በበጎ ፈቃደኝነት ተመዘገብን። የምንኖርበት ቤት ፎቶግራፍ ሲደርሰን አንዷን መስኮት በጣቱ ነካትና «ጠዋት ጠዋት ሐይቁን በዚህች አያለሁ» አለ። አላየም። ጥር ላይ ቀበርኩት። መጋቢት ላይ ብቻዬን መጣሁ።

መስኮቷ የጣውላ ናት፤ ዝናብ ጠጥታ አብጣለች። በእጄ ገፋኋት፣ በትከሻዬ ገፋኋት፣ ለመንኳት። አልከፈትም አለች። የማስተምርበት አዳራሽም ባዶ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ሴት አልመጣችም። መንገድ ላይ ሲያዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። የላከኝ ድርጅት «እስከ ዓርብ አንድ ተማሪ ካልተመዘገበ ወደ አገርዎ እንመልስዎታለን» ብሎ ጽፎልኛል። አገሬ ማለት አሁን የሽመክት ካፖርት የተሰቀለበት ቤት ነው። መሄዴ ካልቀረ ሐይቁን በዚያች መስኮት አንድ ጊዜ ልይለት አልኩ።

ሰኞ አናጢው ዘንድ ሄድኩ፤ ከሰዉ ጋር የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ባምቦ ምዋሌ ይባላሉ፤ ባምቦ ማለት አባባ እንደ ማለት ነው። እኔን ደግሞ «አማይ»፣ እናታችን፣ ይሉኛል።

«ባምቦ፣ መስኮቴን ይክፈቱልኝ።»

«ጠርዟ ሳይላግ አትከፈትም፣ አማይ። መላጊያዬን ጀልባ ሠሪው ካሊዛ ወስዶታል። ሄደው ይጠይቁታል?»

እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «ህእ» አልኳቸው። መጋዛቸውን ጥለው ሁለት እርምጃ አፈገፈጉ። ምን ነካቸው ብዬ ሄድኩ።

መስኮቷ ያለ መላጊያ አልከፈት አለች፤ መላጊያው ከካሊዛ እጅ አልወጣ አለ።

«ካሊዛ፣ መላጊያውን ስጠኝ፤ ባምቦ ምዋሌ ጠርዙን ይላጉ፤ መስኮቷ ትከፈት፤ ሐይቁን ልይ» አልኩት ማክሰኞ።

«አልሰጥም!» አለ ካሊዛ። «ይህን ጀልባ ያዘዘችኝ ዓሣ አጭሳ የምትሸጠው ናፊሪ ናት። አልቋል፤ ግን አትረከብም። በየቀኑ መጥታ በመዳፏ ታሸውና ‹እዚህ ጋ ይወጋል› ትለኛለች። እልጋለሁ። በማግስቱ ‹እዚያ ጋ ይወጋል›። አማይ፣ ትንሽ ከቆየ ማንኪያ ነው የሚሆነው! እሷን ያናግሩልኛል?»

«ህእ» አልኩት ወደ ውስጥ። ካሊዛ ሮጦ ውሃ አመጣልኝ። አልጠማኝም ነበር።

መስኮቷ ያለ መላጊያ አልከፈት አለች፤ መላጊያው ከካሊዛ እጅ አልወጣ አለ፤ ካሊዛ ናፊሪ ካልተረከበች አልሰጥ አለ።

«ናፊሪ፣ ጀልባሽን ተረከቢ፤ ካሊዛ መላጊያውን ይስጥ፤ ባምቦ ምዋሌ ጠርዙን ይላጉ፤ መስኮቷ ትከፈት፤ ሐይቁን ልይ» አልኳት ረቡዕ።

ናፊሪ ዓሣዋን እያገላበጠች ሳቀች። «ያለ መረብ ጀልባ ተረክቤ ልተኛበት? የሚወጋ ነገር እንኳ የለውም፤ ቀን እየገፋሁ ነው። መረቤ ናባንዳ የሚባሉ አሮጊት ዘንድ ነው። ሠርተው ጨርሰዋል፤ አልሰጥም ይላሉ። ደርሰው ይለምኑልኛል?»

«ህእ።»

የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ሳቋን ዋጠች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

መስኮቷ ያለ መላጊያ አልከፈት አለች፤ መላጊያው ከካሊዛ እጅ አልወጣ አለ፤ ካሊዛ ናፊሪ ካልተረከበች አልሰጥ አለ፤ ናፊሪ ያለ መረብ አልረከብ አለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዓርብ ነው።

ሐሙስ ናባንዳ ዘንድ ደረስኩ። እሳቸውም ድሮ ሚሲዮን ወጥ ቤት ሲሠሩ የለመዱት እንግሊዝኛ አላቸው።

«እማማ፣ መረቡን ይስጡ፤ ናፊሪ ጀልባዋን ትረከብ፤ ካሊዛ መላጊያውን ይስጥ፤ ባምቦ ምዋሌ ጠርዙን ይላጉ፤ መስኮቷ ትከፈት፤ ሐይቁን ልይ።»

«አልሰጥም» አሉ። «ስልሳ ዓመት መረብ ሠራሁ። መረቡን በሚያንሳፍፉት እንጨቶች ላይ ባለጀልባዎቹ የራሳቸውን ስም ቀረጹ። ይኼኛው የመጨረሻዬ ነው፤ ዓይኔ ደክሟል። የእኔ ስም ሳይቀረጽበት አይወጣም። ስሜን ደግሞ መጻፍ አልችልም።»

«ታዲያ አስተማሪ አይጠይቁም?»

«ጠየቅሁ እኮ! አንቺን! በመጣሽ በማግስቱ በርሽ ላይ ቆሜ ‹ስሜን ታስተምሪኛለሽ?› አልኩሽ። አንቺ ግን...» ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው እባብ እንደረገጠ ሰው ሆኑ። «እኛ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ልቡ የተመታ ሰው ነው። ጥቁርም ለብሰሻል። ሐዘንሽን ነካሁት ብዬ ሸሸሁ። ለሴቶቹም ‹ምንም እንዳትጠይቋት፤ ሲጠይቋት ትንፋሿ ይቆረጣል› አልኳቸው።»

ያኔ እሺ ብያቸው ተመልሰው ያልመጡት አሮጊት እሳቸው ነበሩ። ሳቄ መጣ፤ እንባዬ ተከተለው። ሠላሳ አራት ዓመት ሳወራ፣ ሽመክት ጋዜጣውን እያገላበጠ በየመሐሉ ወደ ውስጥ «ህእ» ይለኝ ነበር። መስማቱን የማውቀው በዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ቃል ሲያቅተው እንኳ ያቺ «ህእ» ቀርታለት ነበር።

«እማማ፣ እኛ አገር ‹አዎ› ማለት ነው።»

«ይኼ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስታዝኑ ምን ትላላችሁ?»

«ከንፈራችንን እንመጥጣለን።»

«እሱም ወደ ውስጥ!» አሉ እጃቸውን አጨብጭበው። «እናንተ ወደ ውጭ የምታወጡት ነገር የላችሁም እንዴ?»

ከሰል አንስቼ ስማቸውን ወለሉ ላይ ጻፍኩ። በነሱ የላቲን አጻጻፍ ሰባት ፊደል ነው። «ይቺ ሦስቴ የምትመጣው ምን ረስታ ነው?» እያሉ እስኪመሽ ገለበጡት።

ዓርብ ጠዋት ናባንዳ ስማቸውን ቀረጹ፤ መረቡን ሰጡ። ናፊሪ መረቡን አገኘች፤ ጀልባዋን ተረከበች፤ የወጋት ነገር የለም። ካሊዛ መላጊያውን መለሰ። ባምቦ ምዋሌ ጠርዙን ላጉ። መስኮቷ ተከፈተች። የአዳራሹም መዝገብ ላይ ሰባት ትልልቅ ፊደሎች ሁለት መስመር ይዘው ሰፈሩ፤ ከሥራቸው ናፊሪ የጣት አሻራዋን አኖረች። ለድርጅቱ ተማሪ መገኘቱን ጻፍኩ።

ሰዉ ሲሄድ መስኮቷ ላይ ቆምኩ። ሐይቁ ሽመክት እንደገመተው ሰማያዊ አይደለም፤ የዝናብ ደመና ቀለም አለው። ዳርቻ የለውም።

«አየኸው?» አልኩ በአማርኛ።

ማንም የሚሰማኝ አልመሰለኝም። ናባንዳ ግን ከመስኮቷ ሥር ተቀምጠው አፈር ላይ ስማቸውን ይለማመዱ ነበር። ቀና አሉ። ቃሉ አልገባቸውም፤ ጥያቄ መሆኑን ግን ከድምፄ አወቁ። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው

«ህእ» አሉኝ።

ጭራዋን ለቀቅሁ፤ ተረቴ ትሂድ።